ስለዛ ፍራፍሬ ፖስት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ

የኔ ቆንጆ እንዴት ነሽልኝ? ስራው እንዴት ነው፣ የዱባይ ሙቀትስ? ሁለት አመት ሙሉ ጠፍቼ ዛሬ ድንገት ስጽፍልሽ ምን ሆነች ትዪ ይሆናል፣ ደህና ነኝ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማዬም ደህና ናት። ቴሌግራሜን እያጸዳሁ የኛን ቻት ስከፍተው መጨረሻ ላይ ያለው አንቺ የላክሽልኝ ፖስት ነው። ፍራፍሬ በባዶ ሆድ ብቻ ነው የሚበላው፣ ከምግብ በኋላ ከበላሽው ሆድ ውስጥ ይበሰብሳል የሚለው፣ ከስሩ ደሞ «በናትሽ ተጠንቀቂ» ብለሽኛል። አስበሽልኝ ነው የላክሽው፣ እኔ ግን መልስ እንኳን አልሰጠሁሽም፣ ይቅርታ አርጊልኝ።

መልስ አልስጥሽ እንጂ የተባለውን አድርጌዋለሁ። ምሳ ላይ ብርቱካን መብላት አቆምኩ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ እበላለሁ አልኩ፣ ጠዋት ደሞ ታክሲ ሰልፍ ነው ሩጫ ነው፣ በቃ ፍራፍሬ የሚባል ነገር ከቤቴ ጠፋ። እየቆየ ድካም ድካም ይለኝ ጀመር፣ ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፣ ዓይኔ ይጨልምብኛል፣ ጤና ጣቢያ ሄጄ ተመረመርኩ ደም ማነስ ነው ተባልኩ። የአይረን (የብረት ማዕድን) ኪኒን ሰጡኝ፣ ከዛ አንዷ ሲስተር ቁጭ አርጋ ምንድነው ምትበዪው አለችኝ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ እንጀራ አልኳት። አይረንማ አለሽ አለችኝ፣ ግን በላዩ ላይ ምን ታስከትያለሽ? ቡና። ወዲያው? አዎ ወዲያው። ፍራፍሬስ? ዝም።

ያስረዳችኝን ልንገርሽ፣ ለኛ አይነት ምግብ ትልቅ ነገር ነው። ከጤፍና ከጥራጥሬ የሚገኘው አይረን እንደ ስጋው አይረን ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም፣ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ደሞ ጭራሽ ሰውነት እንዳይወስደው ይይዙታል። ቫይታሚን ሲ ያለው ነገር እዛው ማዕድ ላይ አብሮ ሲበላ ግን ሰውነት በደንብ ይወስደዋል፣ አብሮ ነው ያለችኝ፣ ከምግቡ ሶስት ሰአት ቀድሞ በባዶ ሆድ አይደለም። ስለዚህ ያ ፖስት አትብሉ ያለበት ሰአት ለኔ ዋናው የመብያ ሰአት ነበር! ዘይቱን (ጉዋቫ) ደሞ ታውቂያለሽ ከብርቱካን ሁሉ ይበልጣል፣ 100 ግራም ብርቱካን 50 ሚሊግራም አካባቢ ቫይታሚን ሲ ሲኖረው ዘይቱን ከ200 በላይ አለው፣ እኛ ግን በልጅነታችን ዛፉ ላይ ወጥተን የምንጨርሰው እንደ ተራ ነገር ነበር።

ሆድ ውስጥ ይበሰብሳል የሚለውንም ጠይቄያታለሁ። ጨጓራችን ውስጥ ያለው አሲድ ከባድ ስለሆነ እዛ ባክቴሪያ ተራብቶ ሙዝ የሚያበሰብስበት እድል የለም፣ ሽሮውንም ስጋውንም ሙዙንም አንድ ላይ ነው የሚፈጨው። የፍራፍሬው ፋይበር (ቃጫው) ምግቡን ትንሽ ያዘገየዋል፣ እሱ ደሞ ጥሩ ነው፣ ቶሎ አይርብሽም። እንደውም ጨጓራ ያለበት ሰው ብርቱካን ይበልጥ የሚያቃጥለው በባዶ ሆድ ሲበላው ነው።

እማዬን ደሞ ስሚ። ስኳር እንዳለባት ታውቂያለሽ፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ማንጎ እንዳትቀምሺ አላት፣ የአርባ ምንጭ ልጅ ማንጎ ተከልክላ ስትቀመጥ አስቢው። እሱን ትታ ግን ሻይዋን ሶስት ማንኪያ ስኳር አርጋ ትጠጣለች፣ ጎረቤት ስትሄድም የታሸገ ጁስ ይቀርብላታል ምክንያቱም ጁስ «ፍራፍሬ» ነው። ክትትል የምታረግበት ያለው ሐኪም ነው የገለበጠው። ሙሉውን ፍራፍሬ በልኩ ብዪ፣ ግማሽ ማንጎ፣ ከምግብ ጋር፣ ጁሱንና የሻይ ስኳሩን ነው ምትተይው አላት። ጁስ ሲጨመቅ ሶስት አራት ብርቱካን በአንዴ ትጠጫለሽ ፋይበሩ ደሞ ቀርቷል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ቀንሱ ከሚለው ስኳር ውስጥ የጁስን ስኳር ይቆጥረዋል የሙሉውን ፍራፍሬ ግን አይቆጥረውም። (ኩላሊት ያለበት ሰው ግን ሙዝና ብርቱካን ላይ ሐኪሙን ይጠይቅ፣ ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ስላላቸው፣ እሱ ሌላ ነው።) እማዬ ያን ቀን ስትመለስ ታክሲ ውስጥ አለቀሰች ብልሽ ታምኛለሽ፣ ለማንጎ አይደለም፣ ስንት አመት በከንቱ እንደፈራች አስባ ነው።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ፍራፍሬን የበሽተኛ ምግብ ማድረጋችን ነው። በፌስታል ብርቱካንና ሙዝ ይዘሽ ስትሄጂ «ማን ታመመ?» ነው የሚሉሽ! ጤነኛ ቤት ማዕድ ላይ ምን አጠፋ? አሁን እኔ ቤት ሽሮ ሲቀርብ ጎኑ ላይ አቮካዶ በቲማቲምና በቃሪያ ተከትፎ ሎሚ ተጨምቆበት አይቀርም፣ በጾም ጊዜማ ያለሱ አልበላም። አሳ ስሰራ ደሞ ብዙም ያልበሰለ ማንጎ በደቃቁ እከትፍና ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ጨው አርጌበት አብሬ አቀርባለሁ፣ ያ በጨውና በሚጥሚጣ የምንበላው ጥሬ ማንጎ ትዝ ይልሻል? ጣዕሙ እሱን ነው የሚያመጣው። ጎመን ላይም ሎሚ እጨምቃለሁ። ቡናውን አልተውኩም፣ እንዴት እተዋለሁ፣ ግን ከምግቡ አንድ ሰአት እንዲርቅ አድርጌ ነው ማፈላው። ኪኒኑንም ጨርሻለሁ፣ ደሜም ተስተካክሏል፣ ደረጃውን ሳላርፍ ነው ምወጣው አሁን።

እዛ በክረምት የፓኪስታንና የህንድ ማንጎ ገበያውን ይሞላዋል አይደል? ግዢና ከምሳሽ ጋር ብዪልኝ፣ ሳትፈሪ። አቮካዶው ድንጋይ ከሆነብሽ ከሙዝ ጋር ወረቀት ውስጥ ጠቅልለሽ አስቀምጪው ቶሎ ይበስልልሻል።

እማዬ አጠገቤ ናት፣ ግማሽ ማንጎዋን እየበላች ነው፣ ለማን እየጻፍሽ ነው ስትለኝ ላንቺ መሆኑን ነገርኳት። የማንጎ ዘር ለመምጠጥ እንዴት እንደምንጣላ አስታውሳ ሳቀች፣ ስትመጪ ዘሩ ያንቺ ነው ብላለች። መቼ ነው ምትመጪው? ቮይስ ላኪልኝ፣ ረጅም ይሁን።