ካፒቴኑ የሚያየው ወረቀቱን ብቻ ነው

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ አንዲት እናት አሜሪካ ላለች ልጃቸው በካርጎ ዕቃ ሲልኩ የገጠማቸውን ጽፈው አነበብኩ። ለ22 ኪሎ ዕቃ የ40 ኪሎ ሒሳብ ከፍለዋል። ካርቶናቸው ተከፍቷል። ለቡናው ብለው የከተቱት ከሰልም ወጥቶ ተመልሶላቸዋል። ቢናደዱ እውነታቸውን ነው፤ ማንም ቆሞ አላስረዳቸውም። እኔ ቦሌ ካርጎ ላይ ዕቃ ተቀባይ ነኝ፣ 11 ዓመት ሆነኝ። እሳቸውን ያስተናገድኩት እኔ አይደለሁም። ግን እሳቸውን የመሰሉ እናቶች በየቀኑ ሚዛኑ ፊት ይቆማሉ፤ ስለዚህ ልመልስላቸው።

የኪሎው ነገር አጭር ነው። አውሮፕላን በክብደት ብቻ ሳይሆን በቦታም ይሞላል። ስለዚህ ካርቶኑን በሜትር እንለካዋለን። ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 60፣ ከፍታው 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሦስቱን አባዝተን ለ6000 እናካፍላለን፤ 40 ይመጣል። ሚዛኑ ካሳየውና ከዚህ ቁጥር በትልቁ ይከፈላል። እማማ የላኩት መሶብ ነው፣ መሶብ ደግሞ ሆዱ ባዶ ነው። ሌላ ጊዜ ቀሚሱንና ነጠላውን መሶቡ ውስጥ ይጠቅጥቁት። ካርቶኑም መሶቡን ልክክ አድርጎ የሚይዝ ይሁን። ብዙ ብር ይተርፍዎታል።

ከሰሉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለእኛ ከሰል ማለት ጀበናና ዕጣን ነው። በአየር ጭነት ሕግ ግን አደገኛ ዕቃ ነው፣ ምክንያቱም ታሽጎ ሲቀመጥ በራሱ ጊዜ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። እማማ ይህን ሊያውቁ አይችሉም። እኛ እንኳ የአደገኛ ዕቃ ሥልጠናውን በየሁለት ዓመቱ እንደገና እየተፈተንን ነው የምንሠራው። እኔን ያሳሰበኝ ከሰሉ ካርቶን ውስጥ መግባቱ አይደለም። የካርቶኑ ይዘት የሚጻፍበት ወረቀት ላይ «የባህል ዕቃ» ተብሎ መታለፉ ነው።

እዚህ ወረቀት ላይ ትንሽ ልቆይ። ከላኪው እስከ አብራሪው ድረስ ካርቶኑን ከፍቶ የሚያይ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ኤክስሬይ አለ፣ ግን እሱም ሁሉን አይናገርም። ሎደሩ የሚጭነው ወረቀቱን አምኖ ነው። ምን ከምን አጠገብ እንደማይቀመጥ የምንወስነው ወረቀቱን አይተን ነው። አደገኛ ዕቃ ሲጫን ካፒቴኑ ከመነሳቱ በፊት ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ የት ቦታ እንዳለ የሚገልጽ ወረቀት በእጁ ይገባል። ያልተጻፈውን በምን ያውቃል? ደግሞ ብዙ ሰው ካርጎ ሲባል የጭነት አውሮፕላን ብቻ ይመስለዋል። ብዙ ዕቃ በመንገደኛ አውሮፕላንም ይሄዳል፣ ከሕፃናቱና ከአዛውንቱ እግር ሥር።

አንድ ቀን አንድ ወጣት ነጋዴ ወደ ጁባ የሚሄድ ካርቶን አመጣ። ወረቀቱ «የስልክ ከቨር» ይላል። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ 31 ኪሎ አለ። በዚያ መጠን የከቨር ካርቶን አንስቼ አውቃለሁ፣ ግማሹን እንኳ አይመዝንም። ጥግ ይዤ ዘንበል ሳደርገው ከታች የሆነ ነገር ጠጠር እንዳለው ከረጢት ተንሸራተተ። «ወንድሜ፣ እንክፈተው» አልኩት። ከላይ ሁለት ረድፍ ከቨር አለ። ከሥር በጋዜጣ የተጠቀለሉ ያገለገሉ የስልክ ባትሪዎች ናቸው፣ አንዱ በሌላው ላይ፣ ብረታቸው እየተነካካ። አንዷ እንደ ሳምቡሳ ተነፍታለች። ስይዛት ለብ ያለች መሰለኝ፤ ከእጄ ሙቀት ይሁን ከእሷ አልለየሁትም። ቶሎ አስቀመጥኳት። ያበጠ ባትሪ በምንም ዓይነት አውሮፕላን አይጫንም። ስልክ ውስጥ ያለው ዓይነት የሊትየም አየን ባትሪ ደህና ቢሆን እንኳ ለብቻው ታሽጎ በመንገደኛ አውሮፕላን እንዳይጫን እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ ተከልክሏል።

ልጁ ደነገጠ። «እህቴ ሙች፣ ከቨር ብለህ አስጽፍ ያለኝ ወረቀቱን የሞላልኝ ሰውዬ ነው» አለኝ። አመንኩት። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ እሱ ፈረመ እንጂ አላነበበውም።

እኛ ሥልጠና ላይ ደጋግመን የምንማረው አንድ አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 2010 ዩፒኤስ የተባለው የአሜሪካ ዕቃ አመላላሽ ድርጅት ቦይንግ 747 የጭነት አውሮፕላን ከዱባይ ወደ ጀርመን ኮሎኝ ተነሳ። ከ20 ደቂቃ ጥቂት አለፍ ሲል ጭነቱ ክፍል ውስጥ እሳት ተነሳ። አብራሪዎቹ ወደ ዱባይ ዞሩ፣ ግን ጭሱ የፊታቸውን መሣሪያ እንኳ አላሳያቸውም። አውሮፕላኑ ወድቆ ሁለቱም ሞቱ። በጭነቱ ውስጥ ብዙ የሊትየም ባትሪ ነበር። መርማሪዎቹ እንዳረጋገጡት ቢያንስ ሦስቱ ጭነቶች አደገኛ ዕቃ ተብለው መመዝገብ የነበረባቸው ናቸው። ወረቀቱ ላይ ግን አደገኛ ዕቃ ተብሎ የተመዘገበ አንድም ጭነት አልነበረም። ይህን በሰማሁ ቁጥር የዚያ ልጅ ካርቶን ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ አቶ አዘጋጅ፣ ልመናዬ ይህ ነው። ለደንበኛ ወረቀት የምትሞሉ ድርጅቶች፣ ከማስፈረማችሁ በፊት በአማርኛ ጠይቁ። በኦሮምኛም በትግርኛም፣ ሰውየው በሚገባው ቋንቋ። ባትሪ አለው? ሽቶ፣ የጥፍር ቀለም፣ የሚረጭ ነገር አለው? ጋዝ፣ ቀለም፣ ክብሪት፣ ከሰል አለው? አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ጋዜጣችሁም ይህችን ዝርዝር አንድ ጥግ ላይ ቢያወጣልን ደስ ይለኛል።

እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ወረፋው ቢረዝምም ጠይቄ ነው የማስፈርመው። ሰው ሲጠየቅ ይናገራል። ሰሞኑን አንዲት ልጅ ቀለምና ሽቶ የለኝም ካለችኝ በኋላ እስክሪብቶውን ይዛ ቆም አለች። «የፀጉር ስፕሬይም ይቆጠራል እንዴ?» አለች። ይቆጠራል አልኳት። ፕላስተሩን ራሷ ላጠችው።

ከአክብሮት ጋር
የካርጎ ሠራተኛ፣ ቦሌ፣ አዲስ አበባ