21 ዓመት ለሚሞላህ ልጄ

የምወድህ ልጄ፣

ቅዳሜ 21 ዓመት ይሞላሃል። የኔቫዳ ሕግ ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሲኖ ገብተህ እንድትጫወት ስለሚፈቅድልህ፣ ጓደኞችህ ይዘውህ እንደሚሄዱ አውቃለሁ። ካርታ አድዬ ያሳደግሁህ እናትህ አትሂድ ልልህ አልደፍርም። አውቀህ እንድትቀመጥ ግን እፈልጋለሁ።

ትንሽ ሳለህ፣ ሰሃን አስቀምጬ መዳፎቼን ሳገላብጥ እያየህ ትስቅ ነበር። እጄ ባዶ መሆኑን ለጣሪያው ካሜራ የማሳይበት የሥራ ልማድ ነው፤ በ16 ዓመት ውስጥ ከእጄ ጋር ተዋሐደ። ከእነዚህ ዓመታት አብዛኛውን ያሳለፍኩት በሦስት ካርታው ፖከር ጠረጴዛ ነው። እዚያ ተጫዋቾች እርስ በርስ አይፎካከሩም፤ እያንዳንዱ የሚገጥመው እኔን፣ ማለትም ቤቱን (ካሲኖውን) ነው።

መነሻ ገንዘብ ታስቀምጣለህ፣ ሦስት ካርታ ይደርስሃል። ከዚያ በኋላ ያለህ ውሳኔ አንድ ብቻ ነው፤ መነሻህን ትተህ ትወጣለህ፣ ወይም ያንኑ ያህል ጨምረህ ትቀጥላለህ። ንግሥት፣ 6 እና 4 ወይም ከዚያ የሚበልጥ ከያዝክ ቀጥል፤ ካነሰ ጣል። ወሰኑ እዚያ ላይ የተሰመረው በስሌት ነው። ብትጥል የምታጣው መነሻህን ነው። በንግሥት፣ 6፣ 4 ብትቀጥል በአማካይ የምታጣው ከመነሻህ በጥቂቱ ያንሳል፤ በንግሥት፣ 6፣ 3 ግን ይበልጣል። አዳዩ ቢያንስ ንግሥት ካልያዘ፣ ከአሥር ዙር በሦስት ያህሉ ማለት ነው፣ መነሻህን ያህል ይከፈልሃል፣ የጨመርከውም ይመለስልሃል።

ባለፈው ሳምንት ታክሲ ሲነዳ ያደረ አንድ የአገራችን ሰው ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ከካርታዎቹ አንዱን በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ሸፈነ፣ ገለጠ። በመጨረሻ ጣላቸው፤ ሲወድቁ ተገለበጡ፦ ንግሥት፣ 7 እና 2። 7 ከ6 ስለሚበልጥ ሦስተኛው ካርታ ምንም ቢሆን መቀጠል ነበረበት። ያስፈራችው ያቺ 2 ናት። የእኔን ስገልጥ ትልቁ 10 ነበር። እንቅልፉን ከፍሎ ያገኘውን ገንዘብ ከፊቱ ስሰበስብ ሆዴ ተላወሰ። የእኔ ልጅ በዚህ ዓይነት ስህተት ገንዘቡን እንዲያጣ አልፈልግም።

አንድ ነገር እንዳያደናግርህ፦ እዚህ ተከታታይ ቁጥር፣ አንድ ዓይነት ምልክት ካላቸው ሦስት ካርታዎች ይበልጣል። በአምስት ካርታው ፖከር ተቃራኒው ነው። ከ22,100 የሦስት ካርታ ጥምረቶች ተከታታዮቹ 720፣ ባለ አንድ ምልክቶቹ 1,096 ናቸው፤ የሚበልጠው ብርቁ ነው።

ፔር ፕላስ የሚባለውን፣ ጥንድ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ከደረሰህ ብቻ የሚከፍለውን የጎን ውርርድ ተወው። ከእነዚያ ጥምረቶች 16,440ዎቹ ከጥንድ በታች ናቸው። ካማረህ ጠረጴዛው ላይ የተጻፈውን ክፍያ አስቀድመህ አንብብ፤ ለአንድ ዓይነት ምልክት 4 እጥፍ ሳይሆን 3 እጥፍ ከሆነ እጅህን ሰብስብ።

ምንም ሳትሳሳት ብትጫወት እንኳ ከእያንዳንዱ 100 ዶላር መነሻ 3 ዶላር ከ37 ሳንቲም ያህል በአማካይ ለቤቱ ይቀራል። በ15 ዶላር መነሻ፣ በሰዓት 50 ዙር ብትጫወት 25 ዶላር ገደማ ነው። ይህን ገንዘብ አስበህበት፣ ለይተህ ያዝ፤ የባንክ ካርድህን ቤት ተወው።

ሐሙስ ማታ ተረኛ አይደለሁም። ከሥራ ያመጣሁት፣ ጥጉ የተቆረጠው ካርታ ከቴሌቪዥኑ በታች ባለው መሳቢያ ውስጥ አለ። አውጣው፤ እኔ አድላለሁ፣ አንተ ትወስናለህ።

እናትህ