የቅዳሜ የእንጦጦ የእግር ጉዞ፦ እስከ ሐሙስ ማታ አሳውቁን

ውድ ጎረቤቶች፣

በመጪው ቅዳሜ አብረን ወደ እንጦጦ በእግር እንወጣለን። እያንዳንዳችን በሳምንቱ ውስጥ የገረመንን አንድ ነገር ይዘን እንመጣና መንገድ ላይ እሱን እንጨዋወታለን።

ባለፈው ክረምት ከሥራ ስቀነስ ቀኑ አልገፋ ብሎኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ያንን ዳገት መውጣት ጀመርኩ። አንድ ቀን የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ አዲስ ቅጠል አየሁ። እንዴት አልሞተም ብዬ ጠየቅሁ። ለካ ቅርፊቱ ሥር የተኛ እምቡጥ አለ፤ ግንዱ ሲቆረጥ ይነቃል። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መምጣቱን፣ ስሙም ባሕር ተሻግሮ ከመምጣቱ የተገኘ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ከዚያ ጽዱ፣ ወይራው፣ ወፉ ሁሉ ጥያቄ ሆነብኝ። ጠዋት የምነሳበት ምክንያት አገኘሁ። እናንተም እንድታዩት በጣም እፈልጋለሁ።

ከጠዋቱ 12:30 ሽሮ ሜዳ ታክሲ መያዣው ጋ እንገናኝ። 1:00 ሰዓት ላይ እንነሳለን፤ መድረሻችን እንጦጦ ማርያም ነው። ላይኛው ክፍል ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ይበርዳል። ሹራብ፣ ውሃና ጥሩ ጫማ አትርሱ። ቆሎ እኔ አመጣለሁ። ጉልበት የሚያማቸው እናቶችና አባቶች በመኪና ወጥተው ላይ ይጠብቁን፤ መኪና ያላችሁ እባካችሁ ተባበሩን።

በየወሩ ይቀጥል? ቅዳሜ ጠዋት ወይስ እሁድ ከሰዓት? የምትመጡም የማትመጡም እዚሁ መልሱልን።