ለአባቴ፣ ስለ ግሽበቱና ስለ ኪኒኑ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው በስልክ ስለ ዜናው የጠየቁኝን ልጆቹ እየተንጫጩ ስላላስጨረሱኝ በደብዳቤ ማስረዳቱን መርጫለሁ።

«ምንዛሪው ተንሳፈፈ» የሚሉት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የጀመረው ነው። ቀድሞ የዶላርን ተመን ይወስን የነበረው ብሔራዊ ባንክ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ባንኮች ከደንበኞቻቸው ጋር ተደራድረው በገበያ ዋጋ እንዲገዙና እንዲሸጡ ስለተፈቀደ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በ1985 ዓ.ም. ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲወጣ እርስዎ የወር ደመወዝተኛ ነበሩና፣ ጣጣውን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

«ግሽበት ቀነሰ ይላሉ፤ ጤፉ ግን የት ወረደ?» ብለው መቆጣትዎ ተገቢ ነው። ግሽበት የሚባለው ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ነው። ካቻምና 100 ብር የነበረ ዕቃ አምና 130፣ ዘንድሮ 150 ብር ቢገባ፣ ግሽበቱ ከ30 በመቶ ወደ 15 በመቶ ግድም ወረደ ይባላል፤ እርስዎ ግን 20 ብር ጨምረው ይከፍላሉ።

እንዲህ ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል፤ ቅሬታዬንም ይቀሰቅስብኛል። በ1983 ዓ.ም. ሬዲዮው የለንደኑን ድርድር ሲያወራ «ድርድር ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቅዎ፣ ወንድሜን አጠገብዎ አስቀምጠው እኔን «ዜና ሲነበብ ልጅ አይናገርም» ብለው ወደ ጓዳ ሰደዱኝ። እሱም እኮ ልጅ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የግፊት ኪኒንዎን በቢላዋ ለሁለት እየከፈሉ ግማሹን በጥጥ ጠቅልለው ለነገ እንደሚያስቀምጡ እማዬ ነግራኛለች፤ እባክዎ አይቆጧት። ከውጭ የሚገባ መድኃኒት በዶላር ስለሚገዛ መወደዱ እውነት ነው። ነገር ግን እኔም የምልክልዎ ዶላር ነው፤ ዶላሩ በወጣ ቁጥር በብር የሚደርስዎትም አብሮ ይጨምራል፤ ታዲያ ቁጠባው ለማን ነው? ጋሼን ምን እንዳገኘው አይረሱትምና፣ ከዚህ በላይ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል።

ከዛሬ ጀምሮ ሐኪሙ እንዳዘዘው ሙሉውን ይዋጡ። ወንድሜ የመድኃኒት ቤቱን ደረሰኝና ግፊትዎ ሲለካ ስንት እንደሆነ በቴሌግራም ይላክልኝ። «የዕዳ ሽግሽግ» ያሉኝን ደረሰኙ ሲደርሰኝ እጽፍልዎታለሁ።

ልጅዎ