«እኔ» ማለት የከበደን ዓመት፦ የውጭ ትምህርት ዕድል ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የመስከረም የመጨረሻዋ ቅዳሜ ጠዋት ናት። ከደሴ በላይ ባለው ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ተኝቷል፤ የአይሲቲ ክፍሉ ይበርዳል። 31 ተማሪዎች ጋቢያቸውንና ሹራባቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፍኩ፤ «ባለፉት 3 ዓመታት ከትምህርት ሰዓት ውጪ ምን ስትሠሩ ነበር?» ሩብ ሰዓት ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ስሰበስብ 19ኙ ላይ ያገኘሁት አንድ ቃል ነው፤ «ምንም»።

የዘንድሮው የክበባችን ሥራ ይህን «ምንም» መፍታት ነበር ብል አላጋነንኩም።

ለማታውቁን፣ ክበባችን ከ10ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ውጭ አገር ላሉ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲያመለክቱ ያዘጋጃል። ከተቋቋመ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከ2፡30 እስከ 6 ሰዓት እንገናኛለን። «ልጆቹን በማይደርሱበት ነገር ለምን ታማልሏቸዋላችሁ?» ያሉን ወላጆችም፣ መምህራንም ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ራሱ ጭንቅ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ታዲያ በዚህ ሸክም ላይ ሌላ ሸክም ለምን?

የኔ መልስ እንዲህ ነው። የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያዩት የአንድ ሳምንት ፈተናን ብቻ አይደለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ትራንስክሪፕት (የውጤት ማስረጃ) ያያሉ፤ መምህር የጻፈውን ምስክርነት ያነባሉ፤ ልጁ በራሱ ቃል የጻፈውን ያነባሉ። ይህን የሰማ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ለሴሚስተሩ ፈተና ቁም ነገር ይሰጣል። እንግሊዝኛ ያነባል። ባይሄድ እንኳ የሚቀርበት ነገር የለም።

ወደ «ምንም» ልመለስ።

ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉት ኮመን አፕ የሚባል አንድ የጋራ ማመልከቻ አለ። አንድ ተማሪ በዚህ እስከ 20 ለሚደርሱ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከት ይችላል። ከትምህርት ውጪ የሚሠራቸውን እስከ 10 ነገሮች ይዘረዝራል፤ ከ650 ቃላት ያልበለጠ ድርሰትም ስለራሱ ይጽፋል። ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ የሚያስቡት የሮቦት ውድድርና የሙዚቃ ትምህርት ነው። እዚህ ደሴ የለም፤ ስለዚህ «ምንም»። ግን ቅጹ ላይ «የቤተሰብ ኃላፊነት» የሚል ምድብ በግልጽ ተቀምጧል። ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራም ራሱን የቻለ ምድብ ነው። የታመመች አያት ማስታመም፣ ሰኞ ገበያ እናትን ማገዝ፣ ታናናሾችን ማስጠናት፣ ሁሉም ይቆጠራል። ይህን ስነግራቸው መጀመሪያ አላመኑኝም። «ቲቸር፣ ይሄማ ሥራ አይደለም፤ ቤት ውስጥ መኖር ነው» አለችኝ አንዷ።

ከዚያ በላይ የከበደን ግን ድርሰቱ ነው። እኛ አገር ስለራሱ የሚያወራ ልጅ ስድ ነው። ጥሩ ነገር ሠራህ ሲሉት አንገቱን ደፍቶ «እግዜር ይመስገን»፣ «አልሐምዱሊላህ» የሚል ልጅ ነው የተመረቀ። አሁን መጥተን «እኔ እንዲህ ነኝ፣ እንዲህ አስባለሁ» ብለህ ጻፍ ስንለው ብዕሩ ይያዛል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ረቂቆች በሙሉ በ«እኛ» የተጻፉ ነበሩ። አንዱም ውስጥ ልጁ የለም።

ሁለተኛዎቹ ረቂቆች ደግሞ አሳዘኑኝ። አብዛኞቹ ስለ ጦርነቱ ነበሩ። የዘንድሮ 12ኛ ክፍሎች በ2014 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ነበሩ። በዚያ ዓመት ኅዳር ከተማችን ጦርነት ውስጥ ነበረች፤ ትምህርት ተቋርጦ፣ ብዙው ሰው ወጥቶ ነበር። ልጆቹ ያዩትን አይተዋል። መጻፍ የፈለገ ይጻፍ፤ ማንም አይከለክለውም። ነገር ግን ብዙዎቹ የጻፉት «ፈረንጅ ይህን ካነበበ ያዝንልኛል» ብለው ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የልመና ደብዳቤ አይደለም። አንባቢው ማወቅ የሚፈልገው ይህ ልጅ ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ ምን ይዞ እንደሚመጣ ነው። የተቋረጠውን ትምህርት የምናስረዳበት ቦታ ሌላ ነው፤ ማመልከቻው ላይ ለተጨማሪ ማብራሪያ የተተወ ክፍት ቦታ አለ። እዚያ በአራትና አምስት ዐረፍተ ነገር፣ ያለ እንባ፣ ምን እንደሆነና በትራንስክሪፕቱ ላይ የት እንደሚታይ ጻፍን። ድርሰቱ ለልጁ ተለቀቀለት።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነው ዓመቱን ሙሉ ያስደሰተኝ። አንድ ዝምተኛ ልጅ አለን፤ አባቱ ወፍጮ ቤት አላቸው። እሱም «ምንም» ካሉት አንዱ ነው። አንድ ቀን ዘግይቶ መጣና ምክንያቱን ጠየቅኩት። «መብራት መጥቶ ነው፣ ቲቸር፤ ወረፋ እየያዝኩ» አለኝ። ምን ዓይነት ወረፋ? መብራት ለ2 ሰዓት ብቻ የሚመጣበት ቀን አለ። ወፍጮው ደጃፍ 20 ሰው ይቆማል። ማን ይቅደም? ልጁ ደብተር ይዞ ነበር። ቀድሞ የመጣ ይቅደም ሲባል አንድ ባለ 2 ኩንታል ሁሉንም ያስቆማል። ትንሽ እህል የያዘ ይቅደም ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ይሄዳል፤ ደብተሩ ላይ በቁጥር ይታያል። ግን ከኩታበር ወገን በአህያ ጭነው የመጡት እናት ጤፋቸው ብዙ ነው፤ ሳይመሽ መመለስ አለባቸው። በሱ ሕግ መጨረሻ ላይ ይቀራሉ። ታዲያ ሕጉን አስተካከለው። ከሩቅ ለመጣ ሰው ነጥብ ሰጠ። ሰፈርተኛው ሲያጉረመርም አስረዳ።

ይህ ልጅ በኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል የሚሰጥን የወረፋ አደላደል ትምህርት ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ሲሠራው ኖሯል። አያውቅም ነበር። 7 ጊዜ ጻፈው። የመጨረሻው ረቂቅ 640 ቃላት ነበር፤ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ «እኔ» ይላል።

አሁን ስለ ስህተታችን። የኛ አቆጣጠር ምን ያህል እንደሚያጠፋፋ አስቀድሜ አላሰብኩም ነበር። የቀደምት ማመልከቻ ማብቂያ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኖቬምበር 1 ነው፤ ዘንድሮ ጥቅምት 22 ላይ ዋለ። የመደበኛው ጃንዋሪ 1፣ ታኅሣሥ 23። ይህን በትልቅ ወረቀት ጽፈን ለጠፍን። ሰዓቱን ግን ረሳሁት። አንዲት ተማሪ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ጋር በኢንተርኔት የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ነበራት፤ 9 ሰዓት ጠዋት ይላል። እሷ 9 ሰዓት ብላ ከምሳ በኋላ ጠበቀች። በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር። ሰውዬው ጠብቀው ሄደዋል። ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ይቅርታ ጠይቀን ሌላ ቀን ተሰጣት፤ ግን ያን ቀን ስታለቅስ ያየሁት ፊቷ አልጠፋኝም።

ስምም አለ። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይላል፤ እኛ ያለን የአባት ስም ነው፣ ፓስፖርት ላይ ደግሞ የአያትም ይጨመራል። የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ላይ በአንድ ፊደል፣ ትራንስክሪፕት ላይ በሌላ ፊደል የተጻፈ ስም የ4 ልጆችን ወረቀት አቆየብን። የ9ኛ ክፍል ወላጆች ሆይ፣ የልጅዎን ስም የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ያድርጉ። የሪከርድ ቢሮ ሠራተኞቻችን ስንት ጊዜ ተመላልሰን እንዳስቸገርናቸው እናውቃለን፤ እናመሰግናለን።

ኤስኤቲ የሚባለውን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መግቢያ ፈተና የተፈተኑት 3 ልጆች ብቻ ናቸው። ፈተናው አሁን በኮምፒውተር ነው፤ 98 ጥያቄ በ2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ። የመጀመሪያውን ክፍል በሠራኸው ልክ ቀጣዩ ይከብዳል ወይም ይቀላል። ልምምዱ ካን አካዳሚ ላይ በነፃ አለ። ችግሩ ገንዘቡ ነው። ክፍያው ከአሜሪካ ውጪ ላለ ተፈታኝ በድምሩ 111 ዶላር ነበር፤ ከክፍያ ነፃ የሚያደርገው ድጋፍ ደግሞ እኛን አይጨምርም። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው አሠራር ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ 120 አለፈ። አንድ ፈተና ከ13 ሺህ ብር በላይ ማለት ነው። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ አልጋ፣ ምግብ። ኅዳር 28 የተፈተኑትን ያሳደራቸው የአንዱ ልጅ አጎት ናቸው። ለሌሎቹ ፈተናውን የማያስገድዱ ዩኒቨርሲቲዎችን መረጥን። አምኸርስትና ቦውዶይን አያስገድዱም። ሃርቫርድና ኤም.አይ.ቲ. ግን መልሰው አስገድደዋል።

ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር ይህ ነው፦ ሃርቫርድ፣ የል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም.አይ.ቲ.፣ አምኸርስት፣ ዳርትማውዝና ቦውዶይን የውጭ አገር ተማሪ መክፈል አለመቻሉን አይተው አይጥሉትም። ከተቀበሉትም የጎደለውን ይሸፍናሉ። መግባቱ ነው ከባዱ፤ ሃርቫርድ ከ100 አመልካች የሚቀበለው 4 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ዝርዝራችን ላይ ሌሎችም አሉ። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻ በነፃ ነው፤ በጥርና በየካቲት ይሞላል። የሀንጋሪም አለ። ጋና የሚገኘው አሸሲ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለእኔ ከብዙ የአሜሪካ ኮሌጅ አያንስም።

አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። ዘንድሮ አንድ አባት «ስኮላርሺፕ አስገባልሃለሁ» ላለ ደላላ በሬ ሸጠው ከፍለዋል። ምንም አልመጣም። የተረጋገጠ ነፃ ትምህርት ገንዘብ ተከፍሎበት አይገዛም። ደላላ የሚነግራችሁን ነገር በሙሉ ክበቡ ቅዳሜ ጠዋት ያለ ክፍያ ያሳያችኋል።

የወላጆች ስብሰባችን ጥር ላይ ነበር። ለገንዘብ ድጋፍ የሚጠየቀውን የገቢ መግለጫ ቅጽ ለመሙላት የቤተሰቡን ገቢ መጠየቅ አለብን፤ ሰው ደግሞ ገቢውን ለጎረቤት አይናገርም። ይህ በየቤቱ በቡና ላይ አለቀ። የባሰው ፍርሃት ርቀቱ ነው፤ በተለይ ለሴት ልጅ። አንዲት እናት «ቲቸር፣ እርስዎ ልጅ ቢኖርዎት ይለቋታል?» አሉኝ። መልስ ሳላገኝ የልጅቷ አያት ተነሱ። በልጅነታቸው ደረሳ (የእስልምና ትምህርት ተማሪ) ሆነው ወሎ ውስጥ ዳና ተምረዋል። «እኔ ለዒልም ስወጣ እናቴ ስንቅ ቋጠረችልኝ እንጂ በር አልዘጋችብኝም» አሉ። ከጎናቸው የነበሩ አንድ አባት ደግሞ ሐይቅ እስጢፋኖስን አነሱ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ ድረስ ወደ አባ ኢየሱስ ሞዓ መጥተው መማራቸውን። ስብሰባውን እነሱ ጨረሱልኝ። እኔ ሻይ ስቀዳ ነበር።

ዘንድሮ ያመለከቱት 9 ናቸው። በመጋቢት መልስ ሲመጣ አብዛኛው «አልተቀበልንህም» ነበር። የወፍጮ ቤቱ ልጅ በአንድ ኮሌጅ ተጠባባቂ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ አልተጠራም። አስተያየቱን ስጠይቀው «ድርሰቱን ለአባቴ ተርጉሜ አነበብኩለት» አለኝ። አባትየው ደብተሩን ወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ያመለክታል። ሁለት ልጆች ተቀባይነት አግኝተው የተሰጣቸው ድጋፍ ስላልበቃ መተው ግድ ሆነባቸው፤ ይህ ከመከልከል ይከፋል። አንድ ልጅ የቱርክን ውጤት እየጠበቀ ነው።

ቃለ መጠይቋ ያመለጣት ልጅ፣ የደረሳው አያት ልጅ ልጅ፣ አሜሪካ ባለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ሙሉ ወጪዋ ተሸፍኖላት ተቀበሏት። እናቷ «አብሽሪ ስልሽ አልነበር» ብለው አቀፏት። ግንቦት ላይ የአሜሪካ መንግሥት አዲስ የተማሪ ቪዛ ቀጠሮ መስጠት ሲያቆም ሁላችንም ደነገጥን። ሰኔ ውስጥ እንደገና ተጀመረ፤ አሁን ቀጠሮ እየጠበቀች ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናዋንም እያጠናች ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እኔ ፈተና ሳርም አዲሶቹን የ10ኛ ክፍል አባላት እሷ ያዘችልኝ። ሰሌዳው ላይ ያንኑ ጥያቄ ጻፈች። ስገባ አንዲት ልጅ አጠገብ ቁጭ ብላ ነበር። ወረቀቱ ላይ «ምንም» ይላል።

«እሺ» ትላታለች፣ «ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለሺ መጀመሪያ ምን ሠራሽ?»