ጥለቱን አታጥፊው

ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። ደሴ ብርዱ ጀምሯል፤ ጦሳ ተራራ ላይ ጉሙ እስከ ረፋድ አይገፈፍም። እናትሽ እንዝርቷን ይዛ ምድጃው ሥር ናት።

ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ነገር ከሆዴ አልወጣም። አንድ መምህር ሥዕልሽን አይቶ «ይሄ ጌጥ ነው እንጂ ሥነ ጥበብ አይደለም» አለኝ ብለሽ አለቀስሽ። ሥዕሉ ላይ ያለውን ጥለት በሙሉ ቀለም ቀብቼ አጠፋዋለሁ አልሽ። ያን ጊዜ መልስ አጣሁ። በስልክ መናገር አይሆንልኝም፤ ይኸው ጻፍኩልሽ።

ሰሞኑን ወንድምሽ የአንድ ሰው ሥራ በቪዲዮ አሳየኝ። ኤል አናትሱይ ይባላል፤ በፈረንጅ 1944 ጋና ውስጥ የተወለደ ሰው ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሳይ መጀመሪያ ሸማ መሰለኝ። ወርቃማ፣ ቀይ፣ ጥቁር፤ እጥፋቱ እንደ ቡሉኮ ከብዶ ይወርዳል። ስልኩን አስጠግቼ ሳየው ለካ የአረቄ ጠርሙስ ክዳን ነው! ክዳኑን በሺህ እየቆጠሩ ይጠፈጥፉታል፣ ያጥፉታል፣ ይበሱታል፣ ከዚያ በመዳብ ሽቦ ይያያዛል። ድር የለው፣ ማግ የለው። ግን ሸማ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እግሬን ጉድጓድ ከትቼ የሠራሁ ሰው ነኝ፣ ሸማ አይጠፋኝም።

ወንድምሽ እያነበበ ሲነግረኝ ነገሩ ገባኝ። የሰውየው አባትና ወንድሞች ኬንቴ የሚባለውን የጋና ባለ ቀለም ሸማ የሚሠሩ ሸማኔዎች ናቸው። እሱ ራሱ ሽመና አልተማረም። እንዳንቺ ትምህርት ቤት ገብቶ ነው የተማረው፤ ትምህርቱም የፈረንጅ ነበር። ሲወጣ ግን ዓይኑን ወደ አገሩ ገበያ መለሰ። ነጋዴዎች ዕቃ የሚደረድሩበትን የእንጨት ትሪ አንስቶ በጋለ ብረት ምልክት አወጣበት፤ እዚያ አገር ጨርቅ ላይ የሚታተመውን፣ አዲንክራ የሚሉትን ዓይነት። ክዳኑ የመጣው በኋላ ነው፣ ናይጄሪያ ንሱካ ሲያስተምር፤ ከረጢት ሙሉ ክዳን ተጥሎ አገኘ። ድሮ ፈረንጆች ለአፍሪካ ሰው መጠጥ እያመጡ በሰው ይለውጡ ነበር። ያ ሁሉ ታሪክ ክዳኑ ውስጥ አለ። ታዲያ ይሄ ጌጥ ብቻ ነው? በፈረንጅ 2015 ጣሊያን አገር፣ በቬኒሱ ትልቅ የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ፣ ለዕድሜ ልክ ሥራው የወርቅ አንበሳ የሚባለውን ሽልማት ሸለሙት።

ከሁሉ በላይ ልቤን የያዘው ሌላ ነው። ሥራው አንድ ቅርጽ የለውም። የሚሰቅሉት ሰዎች እንደ ቦታው ያጥፉታል፣ ይዘረጉታል፣ መሬት ላይ ይለቁታል። ይሄን እናትሽ ሰምታ «እንደ ነጠላ ነዋ» አለች። እውነቷን ነው። ለደስታ ስትለብሺው ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ለቅሶ ስትሄጂ ጥለቱ ወደ ላይ ይዞራል። ነጠላው ያው ነው፣ ንግግሩ ግን ሌላ ነው። ጎረቤት ከሩቅ አይቶ ሐዘንሽን ያውቃል። ጥለት ይናገራል ማለት ይሄ ነው።

ልጅ ሳለሽ ይምርሃነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የወሰድኩሽ ትዝ ይልሻል? ሰው ሁሉ ሲወጣ አንቺ አንገትሽን አንጋጠሽ የጣሪያውን እንጨት ንድፍ ታይ ነበር። አንሄድም ብለሽ አስቸገርሽኝ። ያኔ ነው ምን እንደምትሆኚ የገባኝ።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ ኖሬአለሁ። እኔ ስጀምር ሸማኔን ቁጢት በጣሽ ብሎ የሚሰድብ ሰው ነበር። ምኒልክ ባለ እጅን አትስደቡ ብለው አዋጅ ካስነገሩ ስንት ዘመኑ! ስድቡ ግን እኔ ድረስ ደረሰ። ገበያ ላይ ሥራዬን እያመሰገኑ ልጃቸውን የማይድሩ ሰዎች አውቃለሁ። ያንቺ ሥራ «ጌጥ ነው» መባሉ ያሳመመኝ ለዚህ ነው። ቃሉ ጨዋ ሆነ እንጂ ያው ስድብ ነው።

ደብተርሽ ላይ የሞሮኮውንም የህንዱንም የኬንቴውንም ንድፍ ሰብስበሻል። ጥሩ አድርገሻል። ከየት እንዳገኘሽው ግን ሥሩ ላይ ጻፊው፤ የሠራው እጅ አይጥፋ። የኛንም አብረሽ አስገቢው። አብሽሪ።

የጋቢሽን ድር ዘርግቼ ጨርሻለሁ። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ የእናትሽ ፈትል። ጥለቱን ግን አልጀመርኩም። ከደብተርሽ አንዱን ንድፍ መርጠሽ ፎቶ አንሺና ለወንድምሽ ላኪለት፤ ቀለሙንም ንገሪኝ። ቀዩ ክር እንዳያልቅ ቅዳሜ ሳይደርስ ይሁን።

አባትሽ