እታለሜ፣ ጩኮውን አትሽሺው

ይድረስ ለምወድሽ እታለሜ፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ደሴም ደህና ናት። የጦሳ ተራራ ጉሙን እንደለበሰ ነው፣ ዝናቡም ሳያባራ ሰነበተ። ድምፅሽን ሳልሰማ ይኸን ያህል ጊዜ መቆየቴ ሲከነክነኝ ከርሟል። ማን ቀድሞ ዝም አለ ብለን አንቆጣጠርም፤ ኑሮ ነው፣ ሥራ ነው፣ ልጅ ማሳደግ ነው። አሁን ግን አንድ ነገር ሰምቼ ዝም ማለት አቃተኝ።

እናትሽን ሰኞ ገበያ አገኘኋቸው። ገብስ እየመረጡ ነበር። በእፍኛቸው ያነሳሉ፣ ያሸታሉ፣ አንድ ፍሬ በጥርሳቸው ሰበር አድርገው ይመልሱታል። "ለሷ ነው?" ስላቸው ፊታቸው ጠቆር አለ። "ኧረ ምን ለሷ! ያለፈውን በቅቤ አሽቼ የላክሁላትን የገብስ ጩኮ እኮ ለመሥሪያ ቤት ሰው አደለችው። ወፍሬያለሁ፣ ሐኪም ከልክሎኛል ትላለች። ለኢድ የቀረችውም ምግቡን ፈርታ ነው፣ ወላሂ" አሉኝ። እያወሩኝ ገብሱን ትተው ሄዱ። ቤቴ ገብቼም ሐሳቡ አልለቀቀኝም።

የሐኪምሽን ቃል አልቃወምም። ስኳርሽ ከፍ ማለት ከጀመረ፣ ደረጃ ስትወጪም ጉልበትሽ ካስቸገረሽ መቀነስ አለብሽ፤ በዚህ ከጎንሽ ነኝ። ያልዋጠልኝ አገር ቤት መምጣት መተውሽ ነው። ምግብ ፈርቶ ከእናት ቤት መቅረት ከባድ ነገር ነው። አንቺንም ይጎዳል፣ እሳቸውንም ይጎዳል።

መጀመሪያ ግን አብሽሪ። የሚጣፍጥ ነገር ስታዪ እጅሽ አልታዘዝ ቢልሽ ደካማ ስለሆንሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሴል ሜታቦሊዝም በሚባል የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት አንብቤያለሁ። ሰዎችን የምግብ ፎቶ እያሳዩ ለየትኛው ስንት ትከፍላላችሁ ብለው ጠየቋቸው። የምግቦቹ ካሎሪ ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ፣ ስብ ብቻ ካለበት ወይም የእህልና የድንች ስታርችና ስኳር ብቻ ካለበት ይልቅ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ለተቀላቀሉበት ሰዎቹ ብዙ ለመክፈል ፈቀዱ። አእምሮ ውስጥ ደስታንና ፍላጎትን የሚቀሰቅሰው ክፍልም ለዚያው ነው ይበልጥ የተነሳው። ተፈጥሮ ሁለቱን ደባልቃ የምትሰጠን እምብዛም ነው፤ የእናት ጡት ወተት አንዱ ነው። የቀረውን የደባለቅነው እኛ ነን።

እስኪ የምትወጃቸውን አንድ በአንድ አስቢያቸው። ፓስቲ ዱቄትና ዘይት ነው። ችብስ ድንችና ዘይት ነው፣ ከላዩ ጨውና ሚጥሚጣ። ገንፎው መሐሉ ላይ ቅቤ ይዞ ነው የሚመጣው። ጨጨብሳውም፣ አነባበሮውም እንደዚያው። ሙሸበክና ባቅላባ ደግሞ ዱቄቱንም ዘይቱንም ስኳሩንም አንድ ላይ ይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎች መብላት ጀምረው ማቆም የሚያቅታቸውን ምግቦች ሲያጣሩ ከላይ የወጡት ፒዛ፣ ቸኮሌት፣ ችብስ፣ ብስኩትና አይስክሬም ነበሩ። ወሎ መጥተው ቢጠይቁ ኖሮ ጩኮ ከነዚህ አያንስም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጩኮ ደግሞ ሲሠራ አይተሻል። ገብሱ ይሸከሸካል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል። ከዚያ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ንጥር ቅቤ ለብ እንዳለ ይፈስበታል። ጨው ጣል ይደረጋል። እናትሽ በእጃቸው ሲያሹት ዱቄቱ መጀመሪያ ብትንትን ይላል፣ ቀስ በቀስ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ በመጨረሻ ጨበጥ ሲያደርጉት የጣታቸው ምልክት ይቀርበታል። ያን ጊዜ ነው "በቃው" የሚሉት። ጠብታ ውሃ አይነካውም። ሳይበላሽ የሚሰነብተው፣ የመንገደኛ ስንቅ የሆነውም በዚህ ነው።

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው እታለሜ። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ይሰጣል፣ አንድ ግራም ስታርች 4 ገደማ። ዳቦ ውስጥ ብዙ ውሃ አለ፣ ጩኮ ውስጥ የለም። ስለዚህ ቅቤ የጠገበ ጩኮ በክብደት እኩል ከሆነ ዳቦ እጥፍ ካሎሪ ሊይዝ ይችላል። ደላንታ ወይም ኩታበር ላይ ዳገት ሲወጣ ቁልቁለት ሲወርድ ለሚውል ሰው ይኼ ልኩ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለምትውዪው ላንቺ ግን ልኩ ማንኪያ ነው፣ እፍኝ አይደለም። ማንኪያ አልሁ እንጂ ተዪው አላልሁም።

ለምን ተዪው አላልሁም? ጩኮ አንቺ ቤት የሚደርሰው አንዴ በስንት ጊዜ ነው። እናትሽ አስበው፣ ለፍተው፣ ሰው ፈልገው የሚልኩልሽ ነገር ነው። ያወፈረሽ እሱ አይደለም። ያወፈረሽ ማንም ሳያስብበት በየቀኑ የሚገባው ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ከማኪያቶ ጋር የሚመጣው ፓስቲ፣ ምሳ ላይ የሚከፈተው ለስላሳ፣ ማታ ሽሮው ላይ ሳይለካ የሚንቆረቆረው ዘይት። እውነቱን ንገሪኝ፣ ትናንት የጠጣሽው ለስላሳ ትዝ ይልሻል? ጩኮው ግን ከዓመት በኋላም ትዝ ይልሻል። እና ቢቀነስ የትኛው ይሻላል? እኔ እንደሚመስለኝ ሰው የሚሸነፈው የሚወደውን ሁሉ ከልክሎ የማይወደውን ዝም ብሎ ሲበላ ነው። የተከለከለው ሌሊት ሌሊት ይታሰባል። አንድ ቀን ሳይታሰብ ይገኝና ዕቃው ባዶ እስኪሆን ይበላል፣ ከዚያ ጸጸት፣ ከዚያ እንደገና መከልከል።

ለስላሳውን በቁጥር ልንገርሽ። 300 ሚሊ ሊትር የምትይዘው ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር አላት፣ እንዲያውም የሚበልጥባቸው አሉ። በሻይ ማንኪያ 7 ወይም 8 ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የሚጨመር ስኳር ከቀኑ ጠቅላላ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች ይሁን ይላል፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች። ለአንድ ትልቅ ሰው 5 በመቶው ወደ 25 ግራም ነው። አንዲት ጠርሙስ ያንን ታልፈዋለች፤ ያውም ሆድ ሳትሞላ።

ቡናም ያው ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለሽ በየሲኒው 2 ማንኪያ ስኳር ካደረግሽ 25 ግራሙ እዚያው አለቀ። ቡናውን ግን እንዳትተዪው! ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ ትልልቆቹ ዱአ እያደረጉ ሦስቱን ሳይጠጡ መነሳት የት አገር ያለ ነገር ነው። ስኳሩን ብቻ ቀንሺ። እንደ አያቶቻችን ጤና አዳም ጣል አድርጊበት። እኔ አሁን ስኳር የገባበት ቡና ቢሰጡኝ አይጥመኝም። ምላስ ይለመዳል፣ ጊዜ ስጪው ብቻ።

የምታስፈራሽ ግን ሌላ ናት፣ አውቃታለሁ። "ብይ በሞቴ" የምትለዋ ናት። ወሎ ላይ ሰው ቤት ገብቶ ሳይቀምሱ መውጣት ነውር ነው፣ ገብቼ ልውጣ ብትዪም በሩ ላይ ቆመው ይይዙሻል። ይኼን ነገር እንደ ጥቃት አትዪው። መውደዳቸውን የሚነግሩሽ በዚያ ነው፣ ሌላ ቃል የላቸውም። "ሐኪም ከልክሎኛል" ስትያቸው ይደነግጣሉ፣ ታመመች ብለው ያወራሉ፣ እናትሽም የሚያዝኑት በዚህ ነው። ይልቅ "ትንሽ አድርጉልኝና ደስ ብሎኝ ልብላ" በያቸው። ትንሽ ቀርቦ ሲበላ ያዩ እናት ደስ ይላቸዋል። ብዙ ቀርቦ ሳይነካ ሲመለስ ነው የሚከፉት።

ርቦሽም ሰው ቤት አትግቢ። ቀድመሽ እንጀራ በምስር ወይም በጎመን ብይ፣ ጩኮውን ከቡናው ጋር አድርጊው። ቀስ ብለሽ ብይ፤ የጥጋቡ ወሬ ከሆድ አእምሮ እስኪደርስ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል ይላሉ ሐኪሞች። ጉርሻ ሲመጣ የመጀመሪያውን ተቀበዪ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ሁለተኛውን ሲያዘጋጁ ቀድመሽ አንቺ አጉርሻቸው። እኔ አክስቴ ቤት እንዲህ ነው የማደርገው። እሳቸው ይስቃሉ፣ ይመርቁኛል፣ ነገሩም በዚያው ያልፋል።

ስለ ጾምም ትንሽ ልበል። ረመዳን ላይ እቀንሳለሁ ብለሽ ነበር አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ተጾሞ ማታ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ ከተደራረበ፣ በላዩም ጣፋጭና ጭማቂ ከመጣ፣ ቀን የቀረው ማታ ተመልሶ ገባ። የኛም ጾም እንደዚሁ ነው፤ ሥጋና ቅቤውን ትተን ዘይቱን እናበዛለን። ጾም ለነፍስ ነው፣ ለሚዛን አይደለም። ለአፍጥር ተምሩና ሾርባው ቀድሞ ይምጣ፣ ሳምቡሳው አንድ ይበቃል።

ደግሞ ክብደት መቀነስ ከጀመርሽ በኋላ ረሃቡ ቢብስብሽ እንዳትደነግጪ። ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ነው የታወቀው። ስብ ያመርተዋል፣ ለአእምሮም በቂ አለኝ የሚል መልእክት ያደርሳል። ስቡ ሲቀንስ ሌፕቲኑም ይቀንሳል፣ አእምሮም ችጋር የመጣ መስሎት ብይ ብይ ይላል። ቶሎ ቶሎ ልክሳ ያለ ሰው የሚመልሰው አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። አንቺ ግን በቀስታ ሂጂ። እንቅልፍም አትቁረጪ፣ ያልተኛ ሰው ጣፋጭ ያምረዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ጥር ላይ የእህቴ ሠርግ አለ። እንደ ወጉ የክርስቲያኑና የእስላሙ ምግብ ለየብቻ ይሠራል፣ ለእስላሙ ድንኳን ደግሞ የምናምነው ሰው እንፈልጋለን። አንቺን ነው ያሰብነው። ሥጋው ከሚታረድበት ጀምሮ ሳህኑ እስኪቀርብ ድረስ ኃላፊዋ አንቺ ነሽ። አስተናጋጅን ደግሞ ብይ ብሎ የሚያስገድድ የለም፣ ቆመሽ የምታስገድጂው አንቺ ትሆኛለሽ። በማግስቱ ሐይቅ ወርደን እንውላለን፣ ስንመለስም ታክሲውን ፒያሳ ላይ ለቀን ዳገቱን በእግራችን እንወጣዋለን። ያን ጊዜ የልባችንን እናወራለን፣ በደብዳቤ የማይጻፍ ብዙ አለኝ።

የሥራ ፈቃድሽን ከአሁኑ ጠይቂ። ሐኪምሽ ስንት ኪሎ ቀንሺ እንዳለችሽ፣ ስኳርሽም ስንት እንደሆነ ጻፊልኝ፤ ድንኳኑ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አብረን እንወስናለን። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ። ለእናትሽም ዛሬ ማታ ደውይላቸው።

ያንቺው፣
የቧንቧ ውሃ ሰፈሯ ጓደኛሽ